የኤሲው አፍ ወደ እኛ ሲዞር

የካቲት 26፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30
የመሬት ጽሕፈት ቤቱን የሰርቨር ክፍል በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ። ውሃ ክልክል ነው። ከማሽኑ ጀርባ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 23 ይላል። መዘገብኩ። ከሁለቱ ኤሲ አንዱ ከጥር ጀምሮ አይሠራም። የቀረው ብቻውን ያጣጥራል። የስንት ገበሬ የመሬት መዝገብ በእሱ ትንፋሽ ነው ያለው።

ደብተሬ፣ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ቁጥር ስለማነብ ሙቀት መመዝገቡም የእኔ ሆነ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። የጥገናው አብዱ ከደሴ ሲመጣ በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ሰጥቶኛል። እስከ 27 ደህና። ከ30 በላይ ደውዪ። ከ35 በላይ አጥፊው። በቃሌ ይዤዋለሁ። ማንበብ የለመድኩትም እንዲህ ቁርጥራጭ እየለቀምኩ ነው።

የካቲት 28፣ ዓርብ
ረመዳን ነው፤ ከሚሴ በሙቀት ትነዳለች። የመዝገብ ክፍሏ እትዬ ሉባባ ደም ግፊት አለባት። ፆሙን ግን አልፈታም ብላለች። ከዙሁር ሶላት በኋላ በሩ ላይ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ብቻ ጋደም ልበል አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እንዴት እምቢ ይባላል። ሰጋጃዋን ከማሽኑ አጠገብ ዘረጋሁላት። ስትነሳ ዱዓ አደረገችልኝ። 24። ምንም አልሆነም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ
አራት ሆኑ። ሉባባ፣ ዘበኛው ሰይድ፣ ሹፌሩ፣ ጸሐፊዋ። ክፍሉን “የፆመኛ ጀነት” ብለው ስም አወጡለት። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። 27። ልቆልፍ ስል ሰይድ ቀለደብኝ።

“ዘይኔ፣ የጀነት ዘበኛ አደረጉሽ እንዴ? እኔ ውጭ እየተጠበስኩ ማሽኑ ይቀዝቅዝ?”

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ
29። ምን ሆኖ ነው ብዬ ቀና ብል፣ ነፋሱ ማሽኑን ትቶ ወለሉን ይመታል። ሹፌሩ የኤሲውን አፍ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ተኙት አዙሮታል። ወንበር ላይ ወጥቼ መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ለኃላፊው እንዳልነግር፣ እሱም ትናንት ገብቶ ጋደም ብሎ ነበር። ነገ ያዞሩታል። ነገ እመልሰዋለሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ
ኸድጃ የምትባል ሴት ከጨፋ ሮቢት መጣች። ባሏ ሞቶ መሬቱ በስሟ የተመዘገበው ባለፈው ወር ነው። ማስረጃው አልታተመላትም፤ የማተሚያው ቀለም አልቋል። የባሏ ወንድም መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሷታል። ሐሙስ ችሎት አለባት። መሬቱ የእሷ ነው የሚለው የቀበሌው ደብዳቤ ስካን ተደርጎ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፤ ዋናው ወረቀት የት እንደተጣለ የሚያውቅ የለም። ጸሐፊዋ ስሟን ስክሪኑ ላይ አሳየቻት። እኔም ከኋላ ሆኜ አነበብኩት። ኸድጃ ፊደል አታውቅም፣ በጣቷ ነካችው። ረቡዕ ነይ፣ ቀለም ይመጣል አሏት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11:00


ሌሊት እንቅልፍ ጥሎኝ ሱሑር አመለጠኝ። ሳልበላ ፆምኩ። ራሴን ይፈልጠኛል። 8 ሰዓት ላይ ስገባ ሁሉም ተኝተዋል። ሁለት ጋቢ ማሽኑ ላይ ተጥሏል። የኤሲው አፍ ወደ እነሱ ዞሯል። ልመልሰው ወንበሩን ሳብኩ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ። ደስ አለኝ። አምስት ደቂቃ ብዬ ጋደም አልኩ።

የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ማሽኑ አይጮኽም። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ቴርሞሜትሩ 44። እኛ ላይ ግን ነፋሱ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። እግሬ በርዶኝ ነበር።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ
አብዱ መጣ። ሲፈታ፣ ሲገጥም ዋለ። የድሮው መዝገብ ቅጂ አለው። ከጥር ወዲህ ግን ቅጂ የወሰደ የለም። ያ ሁሉ ጠፍቷል።

ኸድጃም በቀጠሮዋ መጣች። ቀለሙ ደርሷል። ስሟ የለም። አንድ በአንድ አየችን።

“ላፍቲ ኮ ጂራ?”

በኦሮምኛ መሬቴ አለ ወይ ማለቷ ነው። ጸሐፊዋ ኔትወርክ የለም አለቻት። ነገ ችሎት ነው እኮ ብላ ሄደች።

ከዐስር ሶላት በኋላ ኃላፊው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። የሙቀት መመዝገቢያውን ከአዲስ ደብተር ጋር ፊቴ አኖረ። ቁጥሩን ሁሉ 23፣ 24 እያልኩ እንድገለብጠው ነው የፈለገው። መብራት ከፍና ዝቅ ብሎ አቃጠለው ይባላል። ለኸድጃ ደብዳቤ ይጻፍላት አልኩ። ተመዝግባ ነበር ብለን ከጻፍን የት አደረሳችሁት እንባላለን አለኝ። ጸሐፊዋም ስሟን አላየሁም ልትል ተስማምታለች። አልተቆጣም። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

“ዘይነባ፣ የተኛሽውም አንቺ ነሽ። ለአንቺ ይሻልሻል።”

አዲሱን ደብተር ይዤ ወጣሁ። አንድ ገጽ ገለበጥኩ። 23። 24። 23። እጄ ለመደው።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 12:30
የገለበጥኩትን ገጽ ቀደድኩት።

ሉባባን አሰብኳት። ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ነው የቀራት። የእሷን ስም አላነሳም። ማን በሩን ከፈተ ቢሉኝ እኔ ነኝ፣ እውነትም እኔ ነኝ።

ችሎቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሥራ አልገባም። ኸድጃን በሩ ላይ እጠብቃታለሁ፣ ምስክር አለኝ በይ እላታለሁ። ስሟን ስክሪኑ ላይ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ታዲያ አሁን የት አለ ይሉኛል። ማሽኑን አቀዝቅዢ ተብዬ ነፋሱ እኔ ላይ እየነፈሰ ተኛሁ፣ ተቃጠለ እላለሁ። ያምኑኝ እንደሁ አላውቅም። ምናልባት ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንመለስ ይሆናል።