የእማዬ ቧንቧና የእኔ ስልክ

ቅዳሜ

ቧንቧ ሠራተኛው መሳይ አሁን ወጣ። ውሃውን በራሱ የሚዘጋውን ቫልቭ ከውሃ ቆጣሪው ቀጥሎ አስገብቶታል። ከእሱ ሌላ ሳሙና የሚያካክሉ ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች አሉ፤ አንዱን ኩሽና ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት አስቀመጥን። ውሃ ሲነካቸው ይጮሃሉ፣ ቫልቩ ራሱ ይዘጋል፣ ለእኔም ስልኬ ላይ መልእክት ይመጣል። ሌላም ነገር ያደርጋል፦ ውሃ ሳያቋርጥ ሃያ ደቂቃ ከሄደ ቧንቧ ፈንድቷል ብሎ ይዘጋዋል።

እማዬ ደስ አላላትም። የሚጠበቀው ውሃው ነው ወይስ እኔ ብላ ጠየቀችኝ። ውሃው አልኳት። ዋሸሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ውሃ በሌለበት ሰዓት የኩሽናውን ቧንቧ ከፍታ ሞከረች፤ ሳትዘጋው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ ውሃው መጥቶ ሳሎኑን አጥለቅልቆታል። አዳልጧት ወደቀች። ስብራት የለም፤ ግን እስካሁን ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ወንድሜ ደረጀ ይሄን መሣሪያ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ላከና በስልክ እንዲህ አለኝ፦ "አንድ ጊዜ ከደገመች እኔ ጋ ትመጣለች። ደብረ ብርሃን ብቻዋን መኖሯ ያበቃል።"

እሺ አልኩት። እማዬ ይሄን አታውቅም።

እሑድ

ስንለማመድ አረፈድን። የኩሽናውን መሣሪያ እርጥብ ጨርቅ አስነካሁት፤ ጮኸ፣ ውጭ ቫልቩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፣ ስልኬ ነዘረ። ይሠራል። እማዬ እጇን አጣምራ ታየኛለች። የምናወራውን ይሰማል ወይ አለችኝ፤ አይሰማም አልኳት። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አየሁ፤ በአሮጌ ሻሽ ሸፍናዋለች። ገለጥኩት።

የነገርኳት፦ ቧንቧ ከፍተሽ ውሃ ከሌለ ወዲያው ዝጊ። ሲጮህ አትሩጪ። ስልክሽ ከኪስሽ አይውጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። አስተማሪነቴን እዚያው አንኮበር እንድተወው ነገረችኝ።

አሁን አንኮበር ነኝ፣ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ። ከነገ እስከ ዓርብ ኬሚስትሪ፤ እስከ ዓርብ ድረስ እሷን የማያት በዚህ ስልክ ነው።

ማክሰኞ

አራት ሰዓት ላይ አሥረኛ ክፍል እያስተማርኩ ነዘረ። ውሃ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጥ ሄዷል፣ ቫልቩ ተዘግቷል ይላል። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። ወድቃ ይሆን? ተማሪዎቹ በመስኮት ያዩኛል።

በአራተኛው አነሳች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሬዲዮ መሰለኝ። ልብስ እያጠበች እንደነበርና ውሃው እንደጠፋባት ነገረችኝ። ከስልኬ ከፈትኩላት።

በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ስለዚህ ዛሬ ማጠቧ ያስኬዳል። ግን እማዬ በሳፋ ነው የምታጥበው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቧንቧ ከፍታ የምታጥብ ሴት አይደለችም። ከፍታ ረስታዋለች፤ ማመን አልፈልግም እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማታ ደረጀ ደወለ። ሁሉም ሰላም ነው አልኩት። ከእናቴ አንድ ነገር፣ ከወንድሜ ሌላ ነገር እየደበቅሁ ነው።

ረቡዕ

ጉም። ከክፍሉ በር እስከ ባንዲራው ምሰሶ አይታይም። ኔትወርክም የለም። ትናንት ስልኩ ሲነዝር ጠላሁት፣ ዛሬ ዝም ሲል ባሰብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ይገኝበታል ወደሚባለው ጉብታ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ተቋረጠ። ዛሬ ውሃ የለም፣ ምን ሊፈስ ይችላል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አልሠራም።

ሐሙስ

ሁሉም ደህና ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አራት ሰዓት አካባቢ ቫልቩ ተዘጋ። እማዬ ራሷ ደውላ ክፈቺልኝ አለች፤ ከፈትኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ተዘጋ። አሁን እኔ ደወልኩ፤ አታነሳም። ጠበቅሁ። ምናልባት ውሃ ቸግሯት ይሆናል ብዬ ሳትጠይቀኝ ከፈትኩት። ትንሽ ቆይቶ የኩሽናው መሣሪያ መልእክት ላከ። ወለሉ ላይ ውሃ አለ፣ ቫልቩ ተዘግቷል ይላል። እማዬ አሁንም አታነሳም።

ኩሽና ውስጥ ተዘርራ ታየችኝ። መሳይ ጋ ደወልኩ፤ ከማውቃቸው ሁሉ ለቤታችን እሱ ይቀርባል። ሮጦ ሄደ። ያንን ሩብ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም።

ደወለልኝ። "እህቴ፣ እማማ ደህና ናቸው፣ አይደንግጡ። ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ግን ግቢው ሰው ሞልቷል።"

ምን ሰው ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከወለጋ ተፈናቅለው ሰፈራችን አጠገብ ባለው መጠለያ ውስጥ ያሉ ሴቶች ናቸው። ውሃ የሚያመጣላቸው ቦቴ ሲቀር ማክሰኞና ሐሙስ እማዬ የግቢውን ቧንቧ ትከፍትላቸዋለች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወረፋ ታስይዛለች። ጄሪካን በጄሪካን ሲተካ ቧንቧው አይዘጋም፤ ለመሣሪያው ይሄ ፍንዳታ ነው። መሳይ ራሱም ከመጠለያው ነው፤ ሚስቱም ከተሰለፉት አንዷ ነች። ቅዳሜ ለእማዬ ይሄ ነገር ይዘጋብዎታል ብሏት ነበር፤ ለልጄ እንዳትናገር አለችው።

የኩሽናውስ? ውሃው ሲዘጋ እዚያም ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ከፍታዋለች። ሴቶቹ ሲጠሯት ተወችው። ስልኳም እዚያው ቀረ። እኔ ከዚህ ሆኜ ስከፍተው፣ የእቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ ሰሃን ደፍኖት ስለነበር ውሃው ወደ ወለሉ ፈሰሰ። መሳይ በአንድ ጨርቅ አደረቀው።

ስለዚህ የማክሰኞው መርሳት አይደለም። የዛሬው ግን ነው። ያፈሰስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓርብ

ከትምህርት በኋላ የተገኘው ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ። ማታ ከእራት በኋላ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

"ብነግርሽ ለደረጀ ትነግሪዋለሽ። ደረጀ ደግሞ በርሽን ዝጊ ይለኛል" አለች። "ልጅ ያዘለች ሴት ጄሪካን ይዛ በሬ ላይ ቆማ፣ እኔ ልዝጋ?"

ከዚያ እኔና ደረጀ የተስማማነውን ነገርኳት። ሁሉንም። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጠረጴዛውን ጠራረገች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

"የኩሽናውን ረስቼዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ያኛውንም ረስቼ ነው የወደቅሁት። አውቀዋለሁ። ግን ቤቴን አልረሳሁም።"

እጇን ያዝኩት።

ቅዳሜ

መሳይ ጠዋት መጣ። የግቢውን ቧንቧ ከቫልቩ በፊት ለብቻው አወጣው። ከእንግዲህ ሴቶቹ ሲቀዱ አይዘጋባቸውም፤ የቤት ውስጡ ግን እንዳለ ነው። በዚህ እማዬም ተስማማች። ለሰላሳ ዓመት የከፈተችው ቧንቧ እንደሚረሳት ለመሳይም በአፏ ነገረችው፣ እየሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ደረጀ ጋ ደውዬ የደበቅሁትን ሁሉ ነገርኩት። ነገ እመጣለሁ ብሎ ዘጋው። ተናዶ ይሁን ገብቶት፣ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም።

ነገ ደረጀ ሲመጣ፣ እማዬ እዚሁ ቤቷ ትቆይ የሚለውን ምን ብዬ እንደምጀምርለት ጮክ ብዬ እያሰብኩ ነበር። እማዬ ከጓዳ ሰማችኝ።

"ለእሱ የምነግረው እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ አጠገቤ ብቻ ተቀመጪ።"

እሺ አልኳት።