ነጠላው ብቻ የወጣበት ፎቶ

ጽጌዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። እዚህ በሰው አገር፣ ሬንተን ያለው ሱቃችን ይሠራል፤ ቅመሙን ወደ ኋላ፣ የሐበሻ ልብሱን ወደ መስኮቱ አዛውሬዋለሁ። በፖስታ የሚመጣልኝን የፎቶ ትምህርትም አልተውኩም። ስምንተኛው መጽሐፍ ሰኞ ደረሰኝ፤ ብስጭቴም ከእሱ ነው።

ሦስተኛውን ታስታውሻለሽ። ሰው በመስኮት ብርሃን አንስታችሁ ላኩ ይል ነበር። እኔም በአንድ ፊልም ሁለት ሥራ ልሥራ ብዬ፣ ሩቅ ላሉ ደንበኞች የምንልከው ምስል አብሮ እንዲወጣልኝ፣ እናትሽ ከደሴ የላኩትን ነጠላ አልብሼ አስቀመጥኩሽ። "እና አሁን ሞዴል ነኝ ወይስ ማንጠልጠያ?" ብለሽ ቀለድሽብኝ። መጽሐፉ እንዳለው የካሜራው የብርሃን መለኪያ መርፌ መሃል ላይ እስኪቆም ጠብቄ አነሳሁ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይታያል፣ ፊትሽ ግን ጥላ ሆኗል። ልብሱ ስላማረልኝ ደስ አለኝ። አንቺን ሌላ ቀን አነሳሻለሁ አልኩ።

ስምንተኛው አሁን ምን ይላል መሰለሽ? ነጭ ልብስ ሲበዛ መርፌው ይሳሳታል፣ ጠቆር ላለ ፊት ብርሃን ጨምሩ ይላል። አንድ አንቀጽ ናት። ሦስተኛው ላይ ቢጽፏት ምን ነበረበት? እዚያ ያሉት ምስሎች ሁሉ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ነጮች ናቸው።

እናትሽ ለሙት ዓመትሽ ፎቶ ይጠብቃሉ። ቤት ያለውን ሁሉ ያነሳሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ አንቺ የለሽበትም። ያንኑ የነጠላውን ፎቶ ብልክላቸው ደውለው፣ "ልብሱንማ እኔው ነኝ የላክሁት፤ የልጄን ፊት ላክልኝ" አሉኝ። ዛሬ ፊልሙን ይዤ እዚሁ አቅራቢያችን ሶዶ የሚባለው ሰፈር ወዳለ ፎቶ አጣቢ ሄድኩ። ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ የፊቱ ቦታ ባዶ ነው፣ ፊልሙ ያልያዘውን ከየት አመጣዋለሁ አለኝ።

ለእናትሽ እውነቱን ጻፍኩላቸው፤ ነጠላውን ስመለከት ልጅዎ አመለጠችኝ አልኩ። ቀጥዬ ፊትሽን በቃል ልሥልላቸው ሞከርኩ። ሰፊ ግንባር፣ ቀጭን ቅንድብ ስል እንደ ፖሊስ ማስታወቂያ ሆነብኝና ቀደድኩት። በሌላ ወረቀት፣ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ ሳቅሽ እንዳያመልጥሽ የታችኛውን ከንፈርሽን እንዴት ትነክሺ እንደነበር ጻፍኩ። ከልጅነትሽ የሚያውቁት ይመስለኛል። እሱን ልኬላቸዋለሁ።

እኔ እያለሁ ያ ፊት አይጠፋም።