የግርዶሹ ቀን ወባ

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ሙቀት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሱቅ ቁጭ ብዬ በካርቶን ራሴን ሳራግብ ዋልኩ። አንድ ጃንጥላና ሁለት አጎበር ሸጥኩ። አጎበር በጥቅምት ካልተሸጠ መቼ ሊሸጥ ነው?

ፈትሂያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። "እማዬ፣ ማክሰኞ ፀሐይ ትገመጣለች።" ግርዶሽ ማለቷ ነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው አሉ። ችግሩ አራተኛ ክፍሎች የከሰዓት ፈረቃ ናቸው። ዳይሬክተሩ ደግሞ በሰልፍ ላይ ተናግሯል... መስኮት ይዘጋል፣ ማንም አይወጣም፣ በባዶ ዓይን ያየ ዓይኑ ይጠፋል። እውነቱን ነው፤ ያን ሁሉ ልጅ ማን ይጠብቃል?

"እኔ ብቻ ልቅር?"

"አንቺ የምትቀሪው ስትታመሚ ነው" አልኳት። ታማም እንኳን ቀርታ አታውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

ጨቀጨቀችኝ። ጭራሽ መስታወትም አግኝታለች። ጎረቤታችን ኦጅዋክ፣ በያጁ፣ የሚበይድበትን ጥቁር መስታወት ሊያውሳት ቃል ገብቷል። "ከይሪያ፣ አትፍሪ። እኔ ስንት ዓመት እሳት አየሁ፣ ዓይን አለኝ" አለኝ። እውነት ነው፣ አለው።

ለባለቤቴ ለዓሊ ወደ ዲማ ደወልኩ። ዕቃ ይዞ ከሄደ ወር ሊሞላው ነው። "ፀሐይ ነገም አለች፣ ትምህርቷን እንዳታስቀሪያት" አለኝ። ነገም አለች... ነገ ግን አትገመጥም። እሱ ደግሞ ሩቅ ነው። ትቅር፣ ወሰንኩ።

ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የራራሁት? ራሴም ማየት ፈልጌ ይሆናል። ምን "ይሆናል" ያስብላል፣ ፈልጌ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት

ለክፍል ኃላፊዋ፣ ለቲቸር ኛሙዎን ደወልኩ። እውነቱን ልነግራት ነበር፣ ወላሂ። "ሃሎ" ስትለኝ አፌ ቀደመኝ።

"ፈትሂያን ወባ ይዟታል።"

"ውይ... ጌታ ይፈውሳት።"

ስልኩን ስዘጋ ፈትሂያ በሩ ላይ ቆማለች። "ወባ የለብኝም እኮ።" አውቃለሁ አልኳት። "ታዲያ?"

"ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ።" ሌላ ምን ልበላት?

ማክሰኞ፣ አመሻሽ

ከየቱ ልጀምር...

ይጨልማል ብዬ ሱቁን ዘግቼ፣ ባትሪ ይዤ ኦጅዋክ ግቢ ሄድኩ። ባትሪ! ምንም አልጨለመም። ዶሮዎቹም ሥራቸውን አላቋረጡም። ፀሐይ ከጎኗ ጥቂት ጎደለች፣ አይጥ የቀመሰው ብስኩት መስላ። "ይቺው ናት?" አልኩ። ኦጅዋክ ሳቀብኝ። "ጨረቃ ጥርስ የለውም።"

ፈትሂያ ግን መስታወቱን አልሰጥ አለች። "እማዬ፣ ቅድም እዚህ ጋ ነበረች፣ አሁን እዚያ ሄደች። ጨረቃ እየሄደች ነው።" በስንት ልመና ተራ ደርሶኝ አየሁ። አረንጓዴ ክብ፣ ጥጉ የተነከሰ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ደስታውን ብጨርስ ምን ነበረበት? አስራ አንድ ሰዓት አልፎ፣ ልጄ የኦጅዋክን የብየዳ ማስክ አናቷ ላይ ደፍታ ሱቁ ደጃፍ ስትዘል፣ ቲቸር ኛሙዎን ከች። ከሦስት የክፍል ልጆች ጋር። ብርቱካን በፌስታል። በሽተኛ ልትጠይቅ።

እንዴት ጠፋኝ? ታመመ ያሉት ሰው ይጠየቃላ።

"ተሻላት እንዴ?"

"አዎ፣ መድኃኒቱ..." ብዬ ልጀምር ስል ፈትሂያ ማስኩን አወለቀች። "አልታመምኩም ቲቸር። ፀሐይ ሳይ ነው የዋልኩት።"

ቲቸር ወደ እኔ ዞረች። ሸሚዟ በላብ ርሷል። መስኮት ዘግታ ከስልሳ ልጅ ጋር ስትቀቀል ውላ በእግሯ ነው የመጣችው። "አያችሁት?" አለች ቀስ ብላ። "እኔም ማየት ፈልጌ ነበር።" ብርቱካኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ልጆቹን ይዛ ሄደች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ይቅርታ ልጠይቅ ከፈትሂያ ጋር ሄድኩ። ቲቸር አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"የፈትሂያ እናት፣ ለእኔ በየቀኑ ወባ ይደወላል። ባሮ ዓሣ ሊያጠምድ የሄደውም ወባ ነው፣ ገበያ የተላከውም ወባ ነው። የማንም ቤት ሄጄ አላውቅም። አንቺ ደውለሽ አታውቂም፣ አንቺን አመንኩሽ።"

ይህን ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ አልኳት። "እሺ" አለች። እሺታዋ አጭር ነበር።

ፈትሂያን ግን ወደ ሰሌዳው አወጣቻት፣ ያየችውን ላላዩት እንድትነግር። በመስኮቱ በኩል ቆሜ ሰማሁ። በጠመኔ ክብ ሳለች፣ ጨረቃ በየት ገብታ በየት እንደወጣች አሳየች። ጎበዝ ናት ልጄ። አንዱ ልጅ "ለአንቺ ማን ፈቀደልሽ?" አላት። "እናቴ፣ ወባ ብላ ዋሽታ።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንገቴን ደፍቼ ከግቢው ወጣሁ። መንገድ ላይ ስደርስ እኔንም ሳቄ አሸነፈኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ብርቱካኑን ማን ይብላው? ለበሽተኛ የመጣ ነው። ፈትሂያ አልነካም አለች፣ እኔም አልደፈርኩም። ኦጅዋክ "እኔ ጉልበት ያመኛል" ብሎ ወሰደልን። ተገላገልን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

ዓሊ መጣ! ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፈትሂያ ዩኒፎርሟን ለብሳ ልትወጣ ስትል። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። እሱም አልለቃትም። ትምህርቷን እንዳታስቀሪያት ያለኝ ሰውዬ "አንድ ክፍለ ጊዜ ብትቀርስ?" አይለኝም?

ስልኩን አነሳሁ።

"ቲቸር፣ የፈትሂያ እናት ነኝ። ፈትሂያ ዛሬ ትዘገያለች። አልታመመችም። አባቷ ከዲማ መጥቶባት ነው።"

ቲቸር አላመነችኝም መሰለኝ።

"ፈትሂያን ስጪኝ።"

ሰጠሁ። ለዓሊ ስለ ወባው ምንም አልነገርኩትም፤ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል።

"አቤት ቲቸር... አዎ፣ መጥቷል። እዚህ ቁጭ ብሏል።" ቀና ብላ አየችኝ፣ ልክ ጥፋት ስታጠፋ እኔ እሷን እንደማያት። "አዎ ቲቸር። ዛሬ እማዬ እውነቷን ነው።"