የማን ልጅ ነው?

ውድ ወንድሜ የኋላሸት፣

ጃኬትህን እኔ ለብሼዋለሁ፤ እንዳትቆጣ። ጅጅጋ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚነፍስ ታውቃለህ። ኪሱ ውስጥ የብስኩት መጠቅለያ አገኘሁ፤ በጭነት መኪና ቶጎጫሌ ስትመላለስ የምታመጣልኝ ዓይነት ነው። ጀርባውን ገልብጠህ የሚያበቃበትን ቀን ሳታይ አንዲት ፍሬ አታስቀምሰኝም ነበር። ነጋዴዎቹ ሲስቁብህ «ወንድሜ የሚበላው ነው» ትላቸው እንደነበር ጓደኛህ ሊባን ነግሮኛል።

ሊባን ከሞተ በኋላ ምንም ነገር ገልብጠህ ማየት ተውክ። መኪናው ሲገለበጥ አንተ ከሾፌሩ ጎን ነበርክ፤ እሱ ጭነቱ ላይ። «ተራው የእኔ ነበር» ትል ነበር፣ ምግብ ሲቀርብልህም፣ ሰው ሰላም ሲልህም። እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ሆስፒታል ሄድን፤ ክኒን ታዘዘልህና ትንሽ ትንሽ መተኛት ጀመርክ። ግን «ክኒኑ አያወራኝም፤ እኔ መናገር ነው የምፈልገው» አልክ። ልክ ነበርክ። የሚያናግርህ ሰው ይፈለግ ተባለ።

እኛ ሰፈር ሰው እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃለህ። እንደ አክስት የምናያት አከራያችን ኤዶ ደሃቦ ከመናኸሪያው ጀርባ ደረጄ የሚባል አማካሪ እንዳለ ሰማች። አባባ ከኤረር ደወለ፤ ስልኩን ከፍ አድርገህ አብረን ነበር የምንሰማው።

«የማን ልጅ ነው?»

«የመምህር ታፈሰ ልጅ ነው አሉ።»

«አብሮኝ ያስተማረው ታፈሰ? ከእሱ ቤት ክፉ አይወጣም። ሂዱ።»

ኤዶ ደሃቦ በበኩሏ በእናቱ ወገን እስከ ሰባት አያት ቆጥራ «የእኛው ልጅ ነው» ብላ ተመለሰች። «በሁለቱም ወገን ተመሰከረለት፤ እንኳን ታማሚ ሚስትም ይሰጡታል» ብለህ ሳቅህ። ከሊባን ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን አብረን ስንሄድ ከደረጄ ወንበር በላይ በመስታወት የተሰቀለ ባለ ማኅተም ወረቀት ነበር። የሥልጠና ተሳትፎ ይላል። ስንወጣ «ይሄ የሥራ ፈቃድ ነው እንዴ?» ስልህ፣ «ተው አንተ ጠበቃ፣ የመምህር ታፈሰ ልጅ ፈቃድ ይጠየቃል?» አልከኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሄደህ ስትመለስ ክኒኑን ጣልከው። «ወንድ ልጅ በክኒን አይኖርም ብሎኛል።» ከዚያ እንቅልፉ ሄደ፣ ወሬውም ሄደ፣ አንተም ሄድክ።

አባባ ለለቀስተኛው «ድንገተኛ ሕመም ነው» አለ። በገዛ እጅህ መሄድህን የምናውቀው እሱ፣ ኤዶ ደሃቦና እኔ ነን። ደረጄም ለቅሶ መጣ። አባባ እጁን ይዞ «ብዙ ደክመህለታል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ትናንት አባባ ወደ ኤረር ተመለሰ። አብረን እንሂድ ብሎኝ ነበር፤ ፈተናዬ ስለደረሰ ቀረሁ።

ዛሬ ብቻዬን ነጋልኝ። ዩኒፎርሜ ላይ ጃኬትህን ደርቤ ወጣሁ፤ ትምህርት ቤት ግን አልሄድኩም። ጤና ቢሮ ሄጄ የባለሙያዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን ክፍል ጠየቅሁ። ሀምዲ የምትባል ሠራተኛ የደረጄን ስም ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፣ ፊደሉን ቀያይራም ሞከረች።

«የለም» አለች። «ፈቃድ ያለው ሰው ቁጥር አለው፣ የሚታደስበት ቀን አለው። ስሙን ይዞ መጥቶ መጠየቅ ነው።»

አየህ፣ ቀን አለው። እንደ ብስኩቱ።

«ፈቃድ ያለውስ ማን አለ?»

«በግል የሚሠራ አንድ ነበር፤ ከተማውን ለቋል። ሆስፒታል ነው የሚሻለው።» ከዚያ ፊቴን አየችና «አንተስ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ደረጄ በር ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ከአውበሬ የመጡ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቷ በእኔ ዕድሜ ናት፤ አንተ ታየው እንደነበረው መሬት መሬት ታያለች። እናትየው የሆስፒታል የመድኃኒት ከረጢት ይዛለች።

«እናቴ፣ ይሄ ሰው ፈቃድ የለውም» አልኳት። «ጤና ቢሮ ጠይቄ ነው የመጣሁት። ወንድሜን መድኃኒቱን አስተወው፤ ወንድሜ ሞተ። ሆስፒታል ይመልሷት፤ እኔ አደርሳችኋለሁ።»

«ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ቀስ በል» አለች። የትምህርት ቤት ሱሪዬን አየች፣ የሰፋኝን ጃኬትህን አየች። «እሱን እናውቀዋለን። እናቱን እናውቃለን፣ የእናቱን አባት እናውቃለን። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

የአባባን ስም ነገርኳት። አላወቀችውም። ያንተን ነገርኳት። አንተንም አላወቀችህም።

በሩ ተከፈተና ገቡ። ይህን የምጽፍልህ እዚያው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ሲወጡ ክኒኑን እንዳትጥል ለልጅቷ እነግራታለሁ። ትሰማኛለች ብዬ አይደለም።

ጠበቃ የምትለኝ ታናሽህ፣
መልአክ