የመጨረሻዋ ተቃዋሚ

ለባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እህትሽስ ደህና ናት? አሁንም ስሜን ላለመጥራት «ያ ሰውዬ» ነው የምትለኝ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ከናፍቆትሽ በቀር ብሎ ይጽፋል፤ እኔ ግን ለቅስቀሳ እንዳትጠቀሚበት ብዬ ትቼዋለሁ። ወገቤ ብቻ አልለቀቀኝም። ለአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ስሠራ ከረምኩ። ለማን መቀመጫ እንደምሠራ ስትሰሚ ትስቂያለሽ፤ ሳቂ፣ ምን አደርጋለሁ።

ከፓርቲያችን ዋና ቢሮ ትእዛዝ መጣ። የቀድሞ ተቃዋሚዎቻችንን በሁለት እጃችን እንድንቀበል፣ ያለፈውን እንዳናነሳ፣ ፊታችንንም እንድንፈታ ይላል። ፊታችንን የሚለው እኔን አስቦ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። የቅርንጫፉ ሊቀመንበር አይደለሁ፣ እሺ አልኩ። መቼስ አንድ ሁለት ሰው ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። የናንተ ሰዎች ግን ዝናብ እንደደረሰበት ሰው እየተጋፉ ገቡ። አንደኛ ማን ሆነ? ባለመድኃኒት ቤቱ። ያ በምርጫው ሰሞን ለሳሌ ሽሮፕ ሊሸጥልኝ ፓርቲህን ካልረገምክ ብሎ ያስለመነኝ ሰውዬ። ከሱ ቀጥላ ባንዲራችሁን የምትሰፋላችሁ ልብስ ሰፊ መጣች፤ ደረቷ ላይ ከወዲሁ የኛን ምልክት፣ ፋኖስን ጠልፋ። ያ መኪና መንዳት የሚያስተምረው ጓደኛሽም ከኋላ ከኋላ እያለ ገባ።

አዳራሻችን ያደረበትን አመል ታውቂያለሽ። ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ ስንት ዓመት ሰምተሽዋል። እኔ የናንተን ምልክት፣ መሰላል ብዬ ስጠራ፣ ሕዝቡ ይሰበር ይላል። እናንተም በበኩላችሁ የኛን ፋኖስ ስትጠሩ ይጥፋ ትሉ ነበር። እንግዲህ የአቀባበሉ ቀን ውድ የመሰላል ወንድሞችና እህቶች ብዬ ልጀምር ተነሳሁ። መሰላል የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ያቺን ታህል ቆም አልኩ። አዳራሹ ባንድ አፍ ይሰበር አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ማን ይመስልሻል? ባለመድኃኒት ቤቱ። እጁን ጨብጦ፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሮ። እንግዳውም እሱ፣ የሚሰበረውም እሱ። አሁንማ የፋኖስን ታሪክ እኛኑ ያስተምረናል፤ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ።

ነገሩን ላስተካክል ብዬ ቶሎ ወደ ፋኖስ ተሻገርኩ። ይሄኔ መኪና አስተማሪው በድሮ ልማዱ ይጥፋ አለና ብቻውን ቀረ። ከዚያ የወደቀ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው አግዳሚው ሥር አጎንብሶ፣ ንግግሬ እስኪያልቅ ቀና አላለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውዬውን ወደድኩት። መሰላሉም አሳዘነኝ። ያንን ምልክት እቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስትስይው፣ እርከኑ ጠሟል ብዬ በማስመሪያዬ ያቃናሁልሽ እኔ አይደለሁ?

መሰላል ካነሳን አይቀር፣ ሰው በፖለቲካ ተለያዩ እያለ ያማናል። የምን ፖለቲካ። የምርጫው ማግስት ፋኖሱን ጣራችን ላይ ልሰቅል መሰላል ስጪኝ አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ያለ መሰላል ፋኖስ እንደማይሰቀል መጀመሪያ በጎረቤት ፊት እመን አልሽ። አላምንም ብዬ በርሜል ላይ ወጣሁ፣ ወደቅኩ። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔ የማይሆን ነገር ተናገርኩ፣ አንቺ ሻንጣሽን አነሳሽ። ይኸው ነው።

ሰዎችሽ ከገቡ ወዲህ የሚቃወም ጠፋ። ድሮ አንድ ሐሳብ ሳቀርብ አንቺ ከማዶ በድምፅ ማጉያ ታብጠለጥዪኛለሽ፣ እኔ እየተራገምኩ እቤት ገብቼ ሐሳቤን አስተካክላለሁ። አሁን አፌን ሳልከፍት ያጨበጭባሉ፤ የቀድሞ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እጃቸው እስኪቀላ። አንድ ቀን ነደደኝና እስቲ ልፈትናቸው ብዬ፣ አቧራ አስቸግሮናልና የአዳራሹን መስኮት በሙሉ በጣውላ እንድፈነው አልኩ። በልቤ አሁን አንዱ ይነሳብኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ባለመድኃኒት ቤቱ ተነሳና አርቆ አሳቢነት ነው አለ። ልብስ ሰፊዋ ለዓይንም ይጠቅማል አለች፤ እንዴት እንደሚጠቅም አልጠየቅኳትም። ባንድ ድምፅ አለፈ። የከተማው አናጢ ደግሞ እኔው ነኝ። የገዛ ቀልዴን በገዛ መዶሻዬ ስቸነክር ዋልኩ።

ይኸው አሁን የፋኖስ ፓርቲ በጨለማ ይሰበሰባል። መብራት በሄደ ቁጥር እየተረጋገጥን፣ ግድግዳ እየዳበስን ነው የምንወጣው። ያም ሆኖ አንድ ሰው እንኳ አንተ ሰውዬ አብደሃል ወይ አላለኝም። ይህቺን ቃል ካንቺ ጠዋትም ማታም እሰማት ነበር። እንደዚህ ትርበኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ከዋናው ቢሮ አንድ ኃላፊ መጣ። ጨለማው ውስጥ ከአግዳሚ ጋር ተጋጨና ጉልበቱን እያሸ ስላንቺ ጠየቀኝ። ከመሰላል ሰዎች የቀረችው የርስዎ ባለቤት ብቻ ናት፣ የሊቀመንበር ሚስት ውጭ ቆማ እኛ ለሌላው ምን ፊት አለን አለ። ነገሩ ሲያጥር፣ እስከ ቅዳሜ ካስገባሁሽ ወንበሩ የኔ ነው፤ ካላስገባሁሽ ለባለመድኃኒት ቤቱ ይሰጣል። እሱማ እኔ አመጣታለሁ ብሎ ቃል ገብቷል አሉ። ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን ዋጪ ሲሉሽ ስትከራከሪ የምታድሪዋን፣ እንዴት እንደሚያመጣሽ እሱ ይወቀው።

ወንበሩን ደግሞ እወደዋለሁ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሊቀመንበር ብሎ ሲጠራኝ ወገቤ ራሱ ይቃናል። ስለዚህ ልለምንሽ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ነይ፣ ስምሽን ብቻ ስጪ፣ ባትናገሪም ግድ የለም ብዬ ጀመርኩ። ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ። አግዳሚዬ ላይ ከነሱ መሀል ቁጭ ብለሽ፣ በዚያ ጨለማ፣ ሳታምኚበት ስታጨበጭቢ ታየሽኝ። አንቺም እሺ ካልሽኝ እኔ በዚህ ከተማ ከማን ጋር ልኖር ነው?

ቅዳሜ ኃላፊው በሰው ሁሉ ፊት ምን አለች ሲለኝ፣ ለመንኳት እምቢ አለች አልኩ። ቃሏን ንገረን አለኝ። ሞቼ ነው ቆሜ ብላለች፤ ደግሞም መስኮት ደፍኖ ብርሃን አመጣለሁ ከሚል ጋር አንድ ጣራ ሥር አልቀመጥም ብላለች አልኩት። ሁሉንም ከራሴ ነው የፈጠርኩት፤ አንቺ ብትሆኚ ከዚህ ትብሺ ነበር። ከዚያ ከኋላ በኩል፣ ማንነቱ የማይታይ አንድ ሰው አጨበጨበ። ባለመድኃኒት ቤቱ ማነው እያለ ዞር ዞር አለ፣ ግን በዚያ ጨለማ ማንን ያገኛል። እንግዲህ የሚጠይቅሽ ከመጣ፣ አዎ ብያለሁ በይ፤ እንዳታዋርጂኝ።

አሁን እቤትሽ ነይ። ፓርቲ ግቢ አላልኩሽም፣ እቤትሽ ግቢ ነው ያልኩሽ። መሰላልሽን በፈለግሽው ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ቁርስ ላይ ተሟገቺኝ፣ እራት ላይ ድገሚኝ። ያላንቺ ከብዶኛል። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ሆኖ መዋል እንዴት እንደሚያደክም አታውቂም።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅ፣ ጉልበትሽን ያበርታ፣ ምላስሽን ግን እንዳለ ይተወው። እህትሽን ሰላም በያት፤ እድሜዋን ያርዝመው፣ ከኔም ጋር ያስታርቃት። ደብዳቤው የሊቀመንበር ማኅተም የለውም ብለሽ ደግሞ እንዳትመልሽው። ማኅተሙ አሁን መድኃኒት ቤት ነው ያለው።

ባልሽ