ማሽኗ ስትከፈት የሚታየው ቤት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሶፎንያስ፤

እንደምን ከረምክ? በዚያ በጅቡቲ ቃጠሎ ውስጥ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ እንደ ልማድህ ደህና ነኝ እያልክ ታነክሳለህ? ባለቤትህ ፌቨንስ እንዴት ናት? ትንሿ መቲ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ልጄ ሃዋኒም አሥረኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች።

በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። ስልክ ላይ ጆሮ የሚበዛ ይመስለኛል፤ ደግሞ አንተ ወሬዬ መሀል ላይ ሲደርስ ካርድ አለቀ ትላለህ። ወረቀቱን የሚያመጣልህ የከባድ መኪና ሹፌር የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ምሳ አብላልኝ። አካሌ ደህና ነው፤ ግን ሶፎንያስዬ፣ ፈርቻለሁ። ታውቀኛለህ፣ ከመሀል መጀመር አልችልምና ከሥሩ ልንገርህ።

ከነሐሴ ጀምሮ በሰብል ጥናቱ ላይ በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆኛለሁ። አምስት ነን። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የእጅ ኮምፒዩተር ተሰጥቶናል፤ ካለቀ ፕሮጀክት የተረፉ አሮጌዎች ናቸው፣ በቀጭን የፕላስቲክ ብዕር የሚነኩ። ማሽኗን ይዘን የገበሬውን ማሳ ዳር ዳሩን ስንዞር ስፋቱን አስልታ ትነግረናለች። በገመድ መለካት ቀረ። ስትከፈት ግን ፊቷ ባዶ ግራጫ ነበር። እኔ ደግሞ ባዶ ግድግዳ እንደማልወድ ታውቃለህ።

ያኔ እዚህ ሳለህ ኮምፒዩተር ላይ ፎቶ መቁረጥ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የእማዬን ፎቶ በቢሮው ኮምፒዩተር በኩል በሚሞሪ ካርድ ከተትኩት። ለካ የማሽኗ ፊት ጠባብና ቁመታም ነው፣ ፎቶው ደግሞ በአግድም የተነሣ፤ ግራና ቀኙ ተጨምቆ የእማዬ ፊት እንደ በቆሎ ራስ ረዘመ። ባሳያት፣ ምነው ልጄ፣ እንዲህ አስረዝመሽኝ ስሞት ሳጥኑ ይበቃኛል? አለችኝ። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። አስቀድሞ በቁመት መቁረጥ ነው፣ ከዚያ ማሳነስ፣ ከዚያ ቀለሙን ማደብዘዝ፤ ካልደበዘዘ በላዩ ያለው ጽሑፍ አይነበብም። በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ሕፃን ፈነደቅሁልህ። ማሽኗን ሥራ ሳይኖረኝ ጭምር እየከፈትኩ አያት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ከጉደር ወዲያ ኦቦ ተሬፋ የሚባሉ ገበሬ ማሳ ለካሁ። ቤታቸውን ብታየው! በሩ ሰማያዊ፣ ደጁ ላይ አንድ ትልቅ ብሳና፣ ከኋላው ጤፉ እስከ ወንዙ የተንጣለለ። ቤቱን ፎቶ ላንሣው ብላቸው ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ እየሳቁ ቆይ ብለው መጀመሪያ ደጁን ጠረጉልኝ። ያንን ፎቶ ሠራርቼ ማሽኔ ላይ ሳደርገው ሐምዲያ የምትባለው ባልደረባዬ አይታ ለእኔም አለች፤ ከእሷ ወደ ሌሎቹ ተላለፈ፤ በሳምንቱ አምስቱም ማሽኖች ሲከፈቱ የኦቦ ተሬፋ ቤት ብቅ ይል ጀመር። ለባለቤቶቹ ፎቶ ላንሣ አልኩ እንጂ ማሽን ላይ ላድርገው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

አገሩ እንዴት እንደሆነ ከሩቅም ትሰማለህ። ከካቻምናው የሚያዝያ የመሬት ግርግር ወዲህ ሰው መሬት የሚል ቃል ሲሰማ ዞር ብሎ ጀርባውን ያያል። ሜትር የያዘ ሰው ከታየ ከተማው መሬታችንን ሊበላ መጣብን ይባላል። እኛም የምንለካው ለምርት ጥናት ነው እያልን አፋችን ደርቋል።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ሐምዲያ ጊንጪ አካባቢ ማሳ ልትለካ ማሽኗን ስትከፍት ባለማሳው አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። ፍሮምሳ ይባላል፤ ለካ የአዴ ድንቅቱ ወንድም ኖሯል! የእህቴ ቤት እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? አላት። እሷ ደግሞ እየሳቀች፣ ቆንጆ ስለሆነ ነው፣ አምስታችንም ጋ አለ አለችው። እስቲ አሁን ይሄ የሚያጽናና መልስ ነው? ሰውዬው ማሳውን ሳያስለካ፣ በነጠላ ጫማው እንዳለ አውቶቡስ ይዞ ጉደር ወረደ። ቤታችሁ አምስት ማሽን ውስጥ ገብቷል፣ ተመርጣችኋል፣ አለቀላችሁ አላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ወሬው እኔ ጋ ሲደርስ ኦቦ ተሬፋ ደቦ ጠርተው ጤፋቸውን ማጨድ ጀምረዋል። ሶፎንያስዬ፣ ጥቅምት እኮ ገና አላለቀም! ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ ፍሬው ወተት ነው። መሬቱን ከወሰዱት ድርቆሹ እንኳ ለከብቶቼ ይትረፍ ብለው ነው። የዓመት ቀለባቸው በእኔ ሥዕል የተነሣ የከብት መኖ ሊሆን። አለቃችን ነጋሳ ሥዕሉን ከሁሉም አጥፉ፣ አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ፣ በዚህ ጊዜ ማሽን ይዘሽ ብትሄጂ በዱላ ነው የሚቀበሉሽ አለኝ። እውነቱን ነው። የቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ግን እኔ ተቀመጥኩ ብሎ ማጭዱ አይቀመጥም። ተነሥቼ ሄድኩ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ማጭድ እንደያዙ ቀና አሉ። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። አንዱ ወጣት፣ የቀረውን ልትለኪ መጣሽ? አለ። ሌላው፣ ቦርሳዋን ፈትሹት፣ ወንዙንም ከታው ይሆናል አለና ሳቁ፤ ሰው አብሮ የሚስቀው ሳቅ ግን አልነበረም። ማሽኗን አወጣሁ። በኦሮምኛ ጀምሬ ሲጠፋብኝ በአማርኛ እየጨረስኩ፣ ሥዕል ብቻ ነው፣ ሳሎን እንደሚሰቀል ፎቶ ማለት ነው፣ ይኸው አጠፋዋለሁ ብዬ ዓይናቸው እያየ አጠፋሁት። ፊቷ ግራጫ ሆነ። ኦቦ ተሬፋ ግራጫውን ትክ ብለው አዩትና፣ አሁንስ ቤቴ የት ሄደ? ለማን ሰጠሽው? አሉኝ።

አዴ ድንቅቱ ናቸው የገላገሉኝ፣ ወይም ያሰሩኝ። ነገሩ ክፉ ካልሆነ የራስሽን ቤት አድርጊበት፣ በአምስቱም ላይ፤ ያንቺ ከቆመ የእኛም ይቆማል አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ስል ኦቦ ተሬፋ ማጭዳቸውን ብሳናው ሥር አስቀመጡ። አልጣሉትም፤ አስቀመጡት። ከማሳው ሲሶው ታጭዷል፤ ሁለቱ እጅ ቆሟል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የእኔ ቤት ያንተም ቤት ነው፤ አባታችን ለሁለታችን ነው የተወው። ሳልጠይቅህ በዚያኑ ቀን ከበሩ ፊት ቆሜ አነሣሁት። እማዬ በመስኮቱ ትታያለች። ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ እሱ ነው፤ የቆርቆሮው ዝገት ሳይቀር ወርቅ መስሏል። ይቅር በለኝ፣ እየፈራሁም ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ ኦቦ ተሬፋ አምቦ መጡ። ገበያ አልሄዱም፣ ቀጥታ እኛ ደጅ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ቤቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩና፣ ማንም አልመጣም? አሉኝ። ማንም አልመጣም አልኳቸው። እንግዲያው እስከሚመጣው ቅዳሜ አላጭድም ብለው ሄዱ። ጤፉ ለመድረስ ገና አምስት ቅዳሜ ይፈልጋል።

ሥዕል መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የሠራሁት። ግን አሁን ማሽኗን በከፈትኩ ቁጥር ቤታችን ከነእማዬ ብቅ ሲል ዞር ብዬ ወደ መንገዱ አያለሁ። ትናንት አንድ ነጭ መኪና ደጃችን ቆማ ሹፌሩ መንገድ ሲጠይቅ እማዬን ግቢ ወደ ውስጥ ብዬ ጮህኩባት። አብደሻል ወይ አለችኝ። ምንም አልነገርኳት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። የቤቱ ካርታ ለውርሱ ጉዳይ ይዘኸው እንደሄድክ አንተ ጋ ቀርቷል። በላስቲክ ጠቅልለህ በዚሁ ሹፌር እጅ ላክልኝ። የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ ይመጣል ብዬም አይደለም። ጤፉ እስኪታጨድ ድረስ ብቻ ሣጥኔ ውስጥ ይኑርልኝ።

ፌቨንን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ወገብህን ትሽልህ በላት። መቲን አክስትሽ እግርሽን ሳመችው በላት። እማዬ በረከቷን ትልክልሃለች፤ ደግሞ ወፍራም ሚስት አግብቶ እሱ ለምን ከሳ ብላለች፣ ለፌቨን አታንብብላት። ሃዋኒ አጎቴ ሰላም ይሁን ትላለች። እኔም እጆችህን ስሜ በጌታ ጥላ ሥር አስቀምጬሃለሁ።

እህትህ ዶርቃስ

አምቦ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.