ሽማግሌዎቹ ገለል ሳያደርጉን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባታችን አገር ቤት ኮሶዬ ላይ የተከለው ባሕር ዛፍ የእኔ ድርሻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደሴ የእኔ ነው ብሎ ከተኮራረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ሽማግሌዎቹ ግማሾቹ እዚህ አራዳ፣ ግማሾቹ እዚያው ኮሶዬ ስለሆኑ ነገሩን በስልክ ያዙት። መጀመሪያ በድምፅ ማጉያ ሞከሩ፤ ሁሉም እኩል ጮኸ። ቀጥሎ ለየብቻችን ድምፅ እየቀረጹ ላኩ፤ ለእኔ የተባለው ለእሱ ከተባለው ጋር አልገጥም አለ። ዘንድሮ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ይኼ ይሻላል፤ የተባለው ሁሉ ተመዝግቦ ይቀራል።

ዛሬ ሁለታችንም ቃላችንን ሰጥተን ጨረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጽድ ዛፍ ሥር ቢሆን ኖሮ ባለጉዳዮች ገለል ይደረጉና ሽማግሌዎች ብቻቸውን ይመክራሉ። ከግሩፑ ግን የሚያስወጣን ጠፋ። የሰብሳቢው የአያ ገብሬ ድምፅ መጣ፦

«እውነቱ ከታላቅየው ጋር ነው። ግን ያ ሰው ቅዳሴ ላይ ቄሱን የሚያርም ነው፤ ብንፈርድለት ደሴን ቁም ስቅሉን ያሳየዋል።»

ደሜ ፈላ። ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ «አያ ገብሬ፣ እየሰማን ነው» ብዬ ጽፌ ከግሩፑ ወጣሁ። ወዲያው ደሴ ደወለ።

«ምነው አያ፣ እኔም ተከትዬህ ወጣሁ። ቄሱን ታርማለህ አሉ!»

«ቄሱ በእርግጥ ተሳስተው ነበር» አልኩት።

ሳቁን ለቀቀው። ስለ ዛፉ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ሽማግሌዎቹ ገና እየመከሩ ነው። ቢፈርዱልኝም ባይፈርዱልኝም፣ እውነቱ ከእኔ ጋር እንደሆነ አውቄያለሁ። ደሴም ሰምቷል። ሰምቶ ነው የደወለው።